ሠርጉ ከቆመ በኋላ፦ በደቡብ ጎንደር ደጋ የሕፃናት ጥበቃ ሠራተኛ ከቤተሰብ ጋር የሚሠራው ሥራ

በክፍል ውስጥ ኬዝ ማኔጅመንትን ስንማር ስድስት ደረጃዎች በሰሌዳ ላይ ይጻፋሉ፤ መለየት፣ መገምገም፣ ማቀድ፣ መተግበር፣ መከታተል፣ መዝጋት። ሁላችንም በደብተራችን ገልብጠናቸዋል፤ ለፈተናም ሸምድደናቸዋል። ይህ ጽሑፍ በተለይ ስለ አምስተኛው፣ ማለትም ስለ መከታተል ነው። እኔ እንደማየው በገጠሩ የሀገራችን ክፍል የሕፃናት ጥበቃ ሥራ የሚፈተነው እዚያ ላይ ነው። ያለዕድሜ ጋብቻን ማስቆም ከባድ ቢሆንም ሕግ አለው፣ ፖሊስ አለው፣ ኮሚቴ አለው። ሠርጉ ከቆመ በኋላ ላለው ጊዜ ግን ሠራተኛው ያለው እግሩና አንደበቱ ብቻ ነው።

ስለ ራሴ ጥቂት ልበል። በዚህ ኮሌጅ በማታው መርሐ ግብር ከመመዝገቤ በፊት በደቡብ ጎንደር ዞን ከሚገኙት ወረዳዎች በአንዱ፣ ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም፣ በሕፃናት ጉዳይ ባለሙያነት ሠርቻለሁ። የወረዳውን ስም የማልጠቅሰው ሆን ብዬ ነው። ቤተሰቦቹ ዛሬም እዚያው ናቸው፤ ልጆቹም አድገዋል። ጉዳዮቹን የማቀርበውም የማን እንደሆኑ ፍንጭ በማይሰጥ መልኩ ነው።

አካባቢውን ለማያውቅ አንባቢ፣ ደብረ ታቦር የዞኑ ዋና ከተማ ስትሆን ከባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በምሥራቋ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ይታያል። ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦርና በጋይንት በኩል ወልድያ የሚደርሰው፣ ሰው ሁሉ የቻይና መንገድ የሚለው ጎዳና ዞኑን ሰንጥቆ ያልፋል። የእኛ ሥራ ታዲያ የሚጀምረው ከመንገዱ ወርደን፣ በገብሱና በድንቹ ማሳ መካከል ሁለት ሰዓትም ሦስት ሰዓትም በእግር ከሄድን በኋላ ነው። በጽሕፈት ቤቱ ለዚህ ሥራ የተመደብን ባለሙያዎች ሁለት ነበርን፤ ሞተር ሳይክሉ አንድ፤ እሱም ነዳጅ ሲኖረው።

ዕድሜዋ ስንት ነው?

ሕጉ ላይ ክርክር የለም። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም፣ የአማራ ክልሉ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 የጋብቻን ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት አድርገዋል። ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 648 ለአካለ መጠን ያልደረሰችን ልጅ ያገባ ሰው ልጅቱ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ደንግጓል። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ በአንድ ጥያቄ ላይ ይንጠለጠላል። ዕድሜዋ ስንት ነው?

ለከተማ ሰው ቀላል ጥያቄ ይመስላል። የልደት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ በተግባር የተጀመረው ግን በ2008 ዓ.ም ማብቂያ ላይ ነው። ያኔ የተመዘገበ ሕፃን ዛሬ ገና አሥር ዓመት ገደማው ነው። ስለዚህ ዛሬም ለትዳር የምትታጭ የገጠር ልጅ ብዙውን ጊዜ የልደት ማስረጃ የላትም ማለት ነው። ታዲያ እንዴት እናውቃለን?

እኔ ከክፍል ሳይሆን ከእናቶች የተማርኩት ዘዴ ይህ ነው። በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ፣ ወንድ በ40 ቀኑ ክርስትና ይነሳሉ። እናት ዓመቱን ትረሳ ይሆናል፤ ቀኑን ግን አትረሳም። «ከኪዳነ ምሕረት ማግስት» ትላለች፣ «ለሚካኤል ዋዜማ» ትላለች። ዓመቱን ደግሞ በታወቀ ነገር እናስጠጋዋለን። የመሬት ድልድሉ 1989 ነው፤ የምርጫው ግርግር 1997 ነው፤ ሚሌኒየሙ 2000 ነው። «ምርጫው ሲሆን ትድህ ነበር ወይስ ቆማ ትሄድ ነበር?» ብሎ መጠየቅ «ስንት ዓመቷ ነው?» ከማለት በእጅጉ ይሻላል። ከዚያ የታናሽ ወንድሟን መወለድ፣ ጡት የጣለችበትን ጊዜ እንጠይቃለን። የክርስትና እናቷን ማግኘት ከተቻለ ደግሞ ወርቅ ነው። የክርስትና እናት በሠርጉ ላይ የምታገኘው ጥቅም ስለሌላት እውነቱን ትናገራለች።

የትምህርት ቤት መዝገብ ብቻውን አይታመንም። ልጅ ለማስመዝገብ ሲመጡ አንድ ዕድሜ፣ ለመዳር ሲነሱ ሌላ ዕድሜ ነው የሚነገረው። ነገሩ ሲከር ልጅቱ ወደ ሆስፒታል ተልካ የእጅ አንጓዋ ራጅ ይነሳል። ራጁ የሚሰጠው ግን ግምት ነው፤ ሁለት ዓመት ወደላይ ወይም ወደታች ሊል ይችላል። «ከ16 እስከ 18» የሚል ወረቀት ይዞ የተመለሰ አባት የሚያነበው 18ን ብቻ ነው። ስለዚህ የእናትየውን የቀን አቆጣጠር፣ የክርስትና እናቷን ቃልና የመዝገቡን ቅጂ ከራጁ በፊት በጽሑፍ ማስፈር ያስፈልጋል። በፍርድ ቤት ፊት ራጁ ብቻውን ከቀረበ ጉዳዩ አለቀ በሉት።

ጥርና ሚያዝያ

የእኛ ሥራ ወቅት አለው። በጾም ሠርግ ስለሌለ ሠርጉ የሚከማቸው ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያና ከፋሲካ በኋላ ነው። ጥርና ሚያዝያ ስንል ለገበሬው እህል የገባበት፣ ለሙሽራው የደስታ፣ ለእኛ ደግሞ እንቅልፍ የማጣት ወራት ናቸው። የመሥሪያ ቤቱ ዓመታዊ ዕቅድ ግን ሥራውን በአራት ሩብ ዓመት እኩል ይከፍለዋል። በሐምሌ ዝናብ ላይ የታቀደ «ጋብቻ የማስቆም ተግባር» አይቼ ስቄአለሁ።

ቁጥጥሩ ሲጠብቅ ሠርጉ ስም ይቀይራል። ዝክር ነው ይባላል፤ ማኅበር ነው፣ ተዝካር ነው ይባላል። ወይም ዕድሜዋ የደረሰ ታላቅ እህት በሕጋዊ መንገድ ስትዳር ታናሿ በዚያው ድንኳን ተደርባ ትዳራለች። ኮሚቴው ታላቂቱን አይቶ፣ ጠላ ጠጥቶ ይመለሳል። ልምድ ያለው ሰው የሚያየው ሌላ ነገር ነው። ለዝክር ከሚበቃው በላይ ጌሾ ተገዝቷል ወይ? ልጅቱ ከትምህርት ቤት የቀረችው ከመቼ ጀምሮ ነው? መጀመሪያ የሚያውቁት ሁልጊዜ የክፍል ጓደኞቿ ናቸው፣ ቀጥሎ መምህሯ፣ ቀጥሎ የጤና ኤክስቴንሽኗ። በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ጥቆማው በአንድ ጊዜ ቀጥ ያለው ለዚህ ነው። ሠርጉ ቆሞ አልነበረም፤ የሚያየው ዓይን ነው የተዘጋው።

ስለ ጠቋሚ አንድ ነገር ልጨምር። ምሥጢር መጠበቅ በሥነ ምግባር መመሪያችን ውስጥ አንድ መስመር ነው። በአንድ ተረተር ላይ አርባ ቤት በሚተያይበት መንደር ግን ማን በየትኛው አቀበት እንደወጣ፣ ማን ቤት እንደገባ ሁሉም ያያል። በቀጥታ ወደ ሙሽራዋ ቤት ከሄድክ ከአንድ ቀን በፊት ከተማ ወርዳ የታየችው መምህርት ተጠቆመች ማለት ነው። ስለዚህ ከዚያ ቤት በፊት ሦስት ቤት፣ ከዚያ ቤት በኋላም ሁለት ቤት መግባት ነበረብኝ፤ ስለ ክትባት፣ ስለ ጤና መድን፣ ስለ ምንም። በየቤቱ ቡና አለ። ማታ እንቅልፍ የለም።

አባትየው ምን ይላል?

በሥልጠናዎቻችን ላይ «ግንዛቤ ማነስ» የሚለው ቃል በጣም ይዘወተራል። እኔ በሄድኩባቸው ቤቶች ሕጉን የማያውቅ አባት እምብዛም አላገኘሁም። አንድ ጊዜ ከአንድ በዕድሜ ከገፉ አባት ጋር ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠን ያወራነውን በማስታወሻዬ ይዤዋለሁ።

«ልጄ፣ አንቺ አግብተሻል?» አሉኝ።

«ገና ነኝ አባ።»

«ስንት ዓመትሽ?»

«ሃያ አራት።»

ዝም ብለው አዩኝና፣ «አንቺ ደመወዝ አለሽ። ቁሞ ቀር ቢሉሽ ደመወዝሽን ይዘሽ ትቀሪያለሽ። የኔዋ ምን ይዛ ትቀራለች?» አሉ።

«ትማራለች እኮ አባ።»

«የጎረቤቴ ልጅ አሥረኛ ክፍል ደርሳ ተመልሳ እቤት ናት። መሬት የላት፣ ሥራ የላት፣ ባል የላት። እኔ ደግሞ ሳልሞት ወግ ማዕረጓን ማየት አለብኝ። ስንት ዓመት ለሰው ሠርግ በግ ስጎትት፣ እህል ስሸከም ኖሬአለሁ፤ ብድሬ መቼ ሊመለስልኝ ነው?»

ከእነዚህ ጥቂት ቃላት ውስጥ አንድም የግንዛቤ ማነስ የለም። ሒሳብ ነው ያለው። በአማራ ክልል ከ1989ኙ ድልድል ወዲህ እንደዚያ ያለ የመሬት ድልድል አልተደረገም። ከዚያ በኋላ የተወለደ ወጣት መሬት የሚያገኘው በዋናነት ከወላጆቹ፣ በስጦታ ወይም በውርስ ነው፤ የስጦታው በር ደግሞ ብዙ ጊዜ ጋብቻ ነው። ሁለት ቤተሰቦች በሬና መሬት አዋጥተው አንድ ጎጆ ያቆማሉ። የሠርግ ብድሩም እንደ ዕቁብ ነው፤ ዕጣው ሳይወጣለት የሞተ ሰው የከፈለው ሁሉ ቀረ። በዚህ ላይ የጠለፋ ስጋት አለ፤ ልጅቱ ሳትዳር አንድ ነገር ብትሆን ስሙ የሚጠፋው የቤተሰቡ ነው የሚል ፍርሃት አለ። ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ በፊት ድንግል ማግባት ስላለበትም ለካህናት ቤተሰብ የምትታጭ ልጅ ዕድሜዋ ዝቅ ይላል።

ይህን የምጽፈው ለአባቶቹ ጥብቅና ለመቆም አይደለም። በ1997ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ጊዜ ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 ከነበሩት የክልሉ ሴቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት 15 ዓመት ሳይሞላቸው ተድረው እንደነበር ተመዝግቧል። በሆስፒታል የፊስቱላ ታካሚዎችን ያየ ሰው የዚህን ሒሳብ ዕዳ ማን እንደሚከፍል ያውቃል። ነገር ግን ሠራተኛው የአባትየውን ሒሳብ ካላወቀ ከእሳቸው ጋር የሚያወራው ነገር የለውም።

የተቋረጠ ጋብቻ፦ 1

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች እንበል፤ አሥራ ሦስት ወይም አሥራ አራት ዓመቷ። ሠርጉ ለእሑድ ተቆርጦ ሐሙስ ዕለት ከፖሊስና ከቀበሌ ጋር ሄደን አስቆምነው። አባትየው ላይድሯት ግዴታ ፈረሙ። በወርኃዊ ሪፖርቱ ላይ «የተቋረጠ ጋብቻ፦ 1» ተብሎ ተመዘገበ፤ ፋይሉም ተዘጋ።

እዚያ ቤት ውስጥ ግን ጠላው ተጠምቋል። ሙክቱ ተገዝቷል። የወንዱ ቤተሰብ ተበድሮ ልብስ ገዝቷል፤ ዘመድ ከሩቅ ተጠርቷል። ዓርብ ጧት የወንዱ አባት «ወጪዬን» ብለው ይመጣሉ። እናትየው «ልጅሽን አስተምረሽ ነው ለፖሊስ የነገረችው» ይባላሉ። ልጅቱ ምንም ያልተናገረች ብትሆንም «ያስጠቆመች» የሚለው ስም ይወጣላታል። ውኃ ለመቅዳት እኩዮቿ በሌሉበት ሰዓት፣ በቀትር መሄድ ትጀምራለች። ሲፈረም ትምህርት ይቀጥላል ተብሎ ነበር፤ ደብተር ግን የሚገዛላት የለም። ማንም አይመታትም፤ ማንም ግን አያነጋግራትም። ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ «ከተማ አክስቷ ዘንድ ሄዳለች» ይባላል። አክስት የተባለችው አንዳንዴ አክስት ናት፤ አንዳንዴ ደግሞ ሠራተኛ የምትፈልግ ሴት ናት።

ከዚህ በመነሳት የሥራ ባልደረባዬና እኔ በየትኛውም መመሪያ ያልተጻፈ አንድ ነገር መሥራት ጀመርን። የዓርቡን ሽምግልና መቀመጥ። ሁለቱ ቤተሰቦች ስለ ወጪው ሲነጋገሩ የመንግሥት ሠራተኛ እዚያ ምን ይሠራል? ሕግ የጣሰ ሠርግ ወጪ ይከፈል አይከፈል ብሎ መዳኘት የእኛ ሥራ አይደለም፤ አንዳኝም ነበር። የምንቀመጠው ቂሙ በልጅቱ ላይ እንዳይቀር ነው። ሽማግሌዎቹ ወጪውን ለሁለት ሲያካፍሉ፣ የተገዛው ልብስ ሲመለስ፣ የልጅቱ ስም ከነገሩ እንዲወጣ እንጠይቃለን። የነፍስ አባታቸው ካሉ ነገሩ ግማሽ አለቀ። የነፍስ አባት ሞትንም ልደትንም አብረው ስለሚቆሙ ቃላቸው ከእኛ ማኅተም ይበልጣል።

ከሁሉም በላይ የጠቀመን ግን ለአባትየው በአደባባይ የሚናገሩት አንድ ዓረፍተ ነገር መስጠት ነበር። «ልጄ ተጠልታ አልቀረችም፤ መንግሥት ከለከለኝ» የሚለው ሐረግ ቀላል ይመስላል። ይህን ገበያ ላይ መናገር የቻለ አባት ክብሩን ይዞ ቤቱ ይገባል፤ ልጁንም ማየት ይችላል። መናገር ያልቻለ ግን በየቀኑ የሚያያት እንደ ውርደቱ ነው። አንዳንድ ባልደረቦች አባትየው «አምኖበት» እንዲተው ይፈልጋሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ማመኑ ከዓመት በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ ደብተሩ ግን ሰኞ ያስፈልጋል።

ከዚያ ትምህርቱ ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለው በወረዳው ከተማ ነው። ስምንተኛ ክፍልን ያለፈች ልጅ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ቤት ተከራይታ፣ ቅዳሜ ወደ ቤቷ ሄዳ ስንቋን አምጥታ ነው የምትማረው። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ በሩ የሚዘጋው በገመድ ነው። ከጋብቻ ያዳንናት ልጅ ማረፊያ ይህ ሲሆን ክትትል ማለት አከራይቱን ማወቅ፣ ቁልፍ ማስገዛት፣ ሰፈሩን ማየት ማለት ነው። በሪፖርት ፎርሙ ላይ ግን ለቁልፍ የተተወ ቦታ የለም።

ልጅን ከቤት ማውጣት

የምናነባቸው የውጭ መጻሕፍት ትልቁ ጭንቀት ልጅን ከቤተሰቡ የማውጣት ውሳኔ ነው። እዚያ ፍርድ ቤት፣ ተከፋይ አሳዳጊ ቤተሰብ፣ አስቸኳይ መጠለያ አለ። እኛ ዘንድ ልጅቷ የምትወጣው ወዴት ነው? በገጠሩ ያለው እውነተኛ መጠለያ ዘመድ ነው፤ አያት፣ ታላቅ እህት፣ የክርስትና እናት። ስለዚህ የእኛ ግምገማ «ትውጣ ወይስ ትቆይ» ሳይሆን «ከዘመዶቿ ማንኛው ዘንድ ነው ልጅ ሆና የምትኖረው፣ ማንኛውስ ዘንድ ነው ሠራተኛ የምትሆነው» የሚል ነው። ይህን ለማወቅ የአክስትየው ልጆች ትምህርት ቤት በሚሄዱበት ሰዓት ያ ቤት ድረስ መሄድ ይበቃል። እሷ እቤት ከተገኘች መልሱ እሱ ነው።

ከውጭው ልምድ አንድ ነገር ግን በቀጥታ ይሠራልናል። በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ቪክቶሪያ ክሊምቢየ የምትባል የስምንት ዓመት ልጅ በአክስቷና በአክስቷ ጓደኛ እጅ ተሰቃይታ ሞተች። ከኮት ዲቯር «ለትምህርት» ተብላ ለዘመድ የተሰጠች ልጅ ነበረች፤ ታሪኩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው የሎርድ ላሚንግ የምርመራ ሪፖርት ሊያድኗት የሚችሉ ቢያንስ 12 አጋጣሚዎች እንዳለፉ ዘረዘረ። ሠራተኞች አይተዋታል፤ ሆስፒታል ተኝታለች። ከእሷ ጋር ግን በቅጡ ቁጭ ብሎ የተነጋገረ አልነበረም።

እኛ ቤት ለቤት ስንሄድ ምን እናደርጋለን? ከአባት ጋር እናወራለን፤ እናት ጣልቃ ትገባለች፤ ልጅቱ ቡና ታፈላለች። ሰዓቱ ያልቃል። ፎርሙ ላይ «ሕፃኗ ተጠይቃለች» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ይደረጋል፤ በእርግጥም «ደህና ነሽ?» ተብላ «ደህና ነኝ» ብላለች። በእኛ ባህል ልጅ በትልቅ ሰው ፊት ዓይኗን አትከፍትም። ስለዚህ ከልጅ ጋር የሚወራው ቤት ውስጥ አይደለም። ውኃ መንገድ ላይ፣ ኩበት ስትለቅም፣ ትምህርት ቤት ዕረፍት ሰዓት ላይ ነው። ጎን ለጎን እየሄዱ፣ ፊት ለፊት ሳይተያዩ። እንስራውን ተራ በተራ እየተሸከምን ያገኘሁት መረጃ በቢሮ ካገኘሁት ሁሉ ይበልጣል።

ለተዳሩትስ?

ሪፖርታችን ጋብቻን የሚያየው ወይ እንደቆመ ወይ እንዳልቆመ ነው። ያልቆመ ከሆነ ልጅቱ «ባለትዳር» ተብላ ከሕፃናት ዝርዝር ትወጣለች። አሥራ አራት ዓመቷ እኮ ነው! በዚህ ረገድ በዞናችን ውስጥ የተሠራ አንድ ሥራ መጠቀስ አለበት። ኬር ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2013 በደቡብ ጎንደር «ተስፋ» በሚል ስም 5,000 ያህል ያገቡ ልጃገረዶችን በቡድን አደራጅቶ ስለ ጤናና ስለ ቁጠባ እንዲማሩ አድርጓል። አንዳንዶቹ ቡድኖች ጤናውን ብቻ፣ አንዳንዶቹ ቁጠባውን ብቻ፣ አንዳንዶቹ ሁለቱንም ስለወሰዱ ማነጻጸር ተችሏል። ከገጠመኝ የምመሰክረው አንድ ነገር አለ። ቡድን የነበራት ልጅ ስትታመም የሚያውቅ ሰው አላት፤ ቡድን የሌላት ግን አማቷ ካልተናገሩ ማንም አያውቅም።

ከእሱ ቀደም ብሎ፣ በ1996 ዓ.ም፣ በምዕራብ ጎጃም ሞሰቦ ቀበሌ «ብርሃን ሔዋን» የተባለ ፕሮጀክት ነበር። ልጃቸውን ሳይድሩ በፕሮግራሙ ውስጥ ሁለት ዓመት ላቆዩ ቤተሰቦች አንድ የቁም እንስሳ ይሰጥ ነበር። ውጤቱ ሁለት ፊት አለው። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች ጋብቻ በጣም ቀነሰ፤ ከ15 እስከ 19 ያሉት ግን ከሌላው ቀበሌ ይልቅ ይበልጥ ተዳሩ። ጋብቻው ወደፊት ተገፋ እንጂ 18 አልደረሰም። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የመጀመሪያው ውጤት ብቻ ነው። ለእኔ ግን ትምህርት ያለው ሁለተኛው ላይ ነው፤ ሁለት ዓመት ጠብቆ ሽልማቱን ለወሰደ አባት በሦስተኛው ዓመት ቤቱ የሚመጣ ማን ነበር?

ስለ ወንዶቹ ልጆች ብዙ አልጽፍም፤ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። በዓመት እህል የሚቀጠር እረኛ አለ፤ ወደ መተማና ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርድ አለ፤ ደበሎ ለብሶ የሚዞር የቆሎ ተማሪ አለ። የመጨረሻውን «የጎዳና ልጅ» ብሎ የመዘገበ ባለሙያ አውቃለሁ። የኔታው ሲሰሙ ምን እንዳሉት ባልጽፈው ይሻላል።

ሠራተኛውስ?

የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ወደ ሀገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ ላይ በተከፈተው ትምህርት ቤት ነው። በደርግ ጊዜ ተዘግቶ ወደ 30 ዓመት ገደማ ቆየና በ2004 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንደገና ተከፈተ። በወረዳ ደረጃ ያለው ሠራተኛ ታዲያ አብዛኛው በሌላ ሙያ የተመረቀ ነው፤ እኔም ስገባ በሥራ አመራር ዲፕሎማ ነበር የገባሁት። በሊቦ ከምከም ወረዳ ከ2011 ዓ.ም ወዲህ በዩኒሴፍ ድጋፍ ሴፍቲ ኔትን ከጤና መድንና ከማኅበራዊ ሠራተኞች ክትትል ጋር ያያያዘ የሙከራ ሥራ ተሠርቷል። የሠራተኛው ጉብኝት ራሱን የቻለ አገልግሎት መሆኑ የታወቀበት በመሆኑ የዚህ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ቢያጠኑት እመክራለሁ።

ሥራውን ከለቀቅኩ በኋላ አካባቢው ብዙ አይቷል። በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ደርሶ ደብረ ታቦርም በከባድ መሣሪያ ተመትታለች። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተነሳው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ከዋናው መንገድ ወርዶ መሥራት የሕይወት ጉዳይ ሆኗል። ቀድሞ አብሬያቸው የሠራሁ ሰዎች በስልክ እንደነገሩኝ ጥቆማ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ ሲመጣም የሚሄድ የለም። አሁን የቀሩት ዓይኖች የጤና ኤክስቴንሽኗ፣ የነፍስ አባትና የክርስትና እናት ናቸው። ይህን ስሰማ ያሰብኩት በደህናው ጊዜ እነዚህን ሰዎች በኮሚቴ ስም ዝርዝር ላይ ከመጻፍ ያለፈ ምን ያህል እንዳሠለጠንናቸው ነው።

ለትምህርት ክፍላችን የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። ለመስክ ልምምድ የምንሞላው ፎርም «የተቋረጠ ጋብቻ» ከሚለው ዓምድ ጎን «ከስድስት ወር በኋላ የት ናት?» የሚል ሌላ ዓምድ ይጨመርበት። በ2011 ዓ.ም እኔና ባልደረባዬ በራሳችን ደብተር ላይ ይህን ዓምድ አስምረን ነበር። ያስቆምናቸውን ልጆች ሁሉ አላዳረስንም፤ ሰባቱን ግን ተከታተልን። ሦስቱ በትምህርት ላይ ነበሩ፤ ከእነሱም አንዷ ዘጠነኛ ክፍል ገብታ በተከራየችው ቤት በር ላይ ቁልፍ ነበራት። አንዷ በሚያዝያ ተሻግራ ሌላ ወረዳ ተድራለች። አንዷ ከአያቷ ጋር ናት፤ በግ ታረባለች፤ ትምህርት አልፈልግም ብላለች። አንዷ ባሕር ዳር ሰው ቤት ናት፤ የአሠሪዋ ስልክ አይነሳም። በሰባተኛዋ አንጻር የተጻፈው «አልታወቀም» የሚል ነው፤ ደብተሩን ለተተካችው ባለሙያ ሳስረክብ ያንን መስመር በቀይ አስምሬበት ነበር።